በእግሩ ስለ መጣው ቤታችን

በባታንጋስ አውራጃ የከተማችን የአሜሪካ ጦር አዛዥ ለሆኑት ለክቡር ሻለቃ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የአገራችን ሙቀት እንቅልፍ እንደ ነሳዎ ሰምቼ ከልቤ አዝኛለሁ። እኛ የቀረነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የለጠፍኩት ደፍሬ አይደለም፤ ወደ ቢሮዎ ስመጣ ዘበኛዎ በሰደፍ ስለ መለሰኝ ነው። ጉዳዬ አጭር ነው። ልጄ ሁስቲኖ የፊታችን ዓርብ በአደባባይ እንዲሰቀል ተፈርዶበታል፤ እርስዎ በአንዲት ፊርማ ሊያድኑት ይችላሉ። ከልመናዬ በፊት ግን ምስጋናዬን ማስቀደም ይገባኛል።

፩ኛ፤ ከነደሴቶቻችን ከእስፔን ስለ ገዛችሁን እናመሰግናለን። የሦስት መቶ ዓመት ቀንበር ከትከሻችን ልናወርድ ጥቂት ሲቀረን፣ ለካ ሻጭና ገዢ ባሕር ማዶ ተቀምጠው ተዋውለው ኖሯል፤ ጌታ መለወጣችንን የነገረን መድፋችሁ ነው። መቼም በሬ ሲሸጥ አይጠየቅም። የመጣችሁት ልታሠለጥኑን እንደ ሆነም ነግራችሁናል፤ ቃጫችን፣ ስኳራችን፣ ወደ ቻይና ገበያ የሚያሻግረው ወደባችን መንገድ ላይ የተገኙት እንዲያው በአጋጣሚ ነው። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እናንተ ግን ጨዋዎች ናችሁ፣ ቁርበቱን ራሳችሁ ገፈፋችሁ፣ ከእኛው ላይ።

፪ኛ፤ ስለ አዋጅዎ እናመሰግናለን። የገጠር ሰው ሁሉ ከነቤተሰቡ፣ ከነንብረቱ ወደ ከተማው አጥር ይግባ፣ ውጭ የቀረው ይቃጠላል ብለው አዘዙ። ሽበታሙ ሃምሳ አለቃዎ፣ በወጣትነቱ የአገራችሁን ነባር ሕዝብ በዚሁ ዘዴ እንዳሰፈረ በገበያ መካከል በኩራት አውርቷል። ለመሆኑ እነዚያ ሰዎች እንዴት ናቸው? የሚቀበል ከተገኘ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

፫ኛ፤ አሁን ወደ ቤቴ ልምጣ። እኛ ዘንድ ሰው ሲዛወር ቤቱን አያፈርስም። ቤታችን ቀርከሃና የዘንባባ ክዳን ነው፤ ጎረቤት ይጠራል፣ ከወለሉ ሥር ረጃጅም ቀርከሃ ይገባል፣ ወንዶቹ ትከሻቸውን ይሰጣሉ፣ ቤቱ ከነጣራው ብድግ ይላል። ለድካማቸው ምሳና የኮኮናት አረቄ ነው። እርስዎ «ከነንብረታችሁ» ስላሉ እኛ የዋሆቹ ታዘዝን፤ ቤታችንን ተሸክመን ወደ ከተማ መጣን። ባሌ ሜልቾር ከፊት ሆኖ «ፔትሮኒላ፣ እናትሽንም ውስጥ ደብቀሻታል እንዴ? ወገቤን ቆረጠኝ እኮ!» ሲለኝ፣ ጎረቤታችን ካሲያኖ «ዝም ብለህ ተሸከም! ያገባሃት ከነጓዟ ነው!» እያለ ይስቅበት ነበር። ከቤት ሥር ላለ ሰው መንገዱ አይታየውም፤ ስለዚህ ልጄ ሁስቲኖ እንደ ወጉ ፊቱን ወደ ተሸካሚዎቹ አዙሮ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ፣ «ወደ ቀኝ! ቀስ! ጉድጓድ አለ!» እያለ ይመራቸዋል።

፬ኛ፤ የወታደሮችዎን ንቃት አደንቃለሁ። ቤት በእግሩ ሲመጣ አይተው አያውቁምና ደነገጡ፤ ቁሙ እንኳ ሳይሉ ተኮሱ። ሜልቾር ጉሮሮውን ተመታ። የፊተኞቹ ሲወድቁ ቤቱ በኋለኞቹ ላይ ተደፋ፤ የካሲያኖ ደረት ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት። ከወለሉ ሥር እጆች ይወጡ ነበር። ወታደሮችዎ እጆቹን በሳንጃ ወጉና ክዳኑ ላይ እሳት ለቀቁበት። «በእመቤታችን! አውጡን!» የሚለው ጩኸት ጸጥ ያለው ጣራው ከተደረመሰ በኋላ ነው። ባሌን የለየሁት በጥርሱ ነው። ምስጋናዬ ውስጥ እርግማን ቢገባ አይቀየሙኝ፣ ክቡር ሆይ፤ አንጀቴ አሯል።

፭ኛ፤ የፍርድ ቤትዎ ጥበብ ደግሞ ይለያል። ልጄን ጥይት ትከሻውን በስቶ አለፈው፤ ተረፈ። መትረፉ ግን ወንጀል ሆነበት። ዳኞቹ «ለወታደሮቻችን ጀርባውን ሰጥቶ ሰዎቹን ያዝዝ ነበር፤ እንግዲያው መኮንን ነው፣ ቤቱም ምሽግ ነው» አሉ። ከአመድ ውስጥ የወጣው የሽንኩርት ቢላዬ መሣሪያ ተብሎ ቀረበ። ምስክር ካለህ ጥራ ሲሉት፣ ምስክሮቼ ከቤቱ ሥር ቀርተዋል ብሎ መለሰ። ዳኞቹም፣ ተከሳሹ ምስክር አላቀረበም ብለው ፈረዱበት።

ክቡር ሆይ፣ ሹፈቴን እዚህ ላይ አቆማለሁ። ልጄን ይማሩልኝ። እናት ከነበረችዎ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ። ባሌን በልታችኋል፤ አንዱን ተዉልኝ።

ሊያሠለጥኗት ያን ሁሉ ባሕር ያቋረጡላት፣ ውለታዎን እስከ መቃብር የማትረሳው ታዛዥዎ፣

ፔትሮኒላ ዲማኩላንጋን፣ የሜልቾር መበለት

ማሳሰቢያ፤ መስቀያው በጦር ሰፈርዎ ግቢ ተሠርቶ እንዳለቀ፣ ወደ አደባባዩ የሚያወጣው ሰው ግን እንደ ጠፋ ሰማሁ። ወታደሮችዎ በዚህ ሙቀት ለምን ይልፉ? ለዓርብ ማለዳ ጎረቤት ጠርቻለሁ፤ ከየመንደሩ እሺ ያላለ ወንድ የለም፣ ሴቶቹም እንመጣለን። የጦር ሰፈርዎን በር ብቻ ያስከፍቱልን። ከባድ ነገር ማንሣት እናውቅበታለን፤ ወዴት እንደምንወስደው ግን ገና አልተስማማንም።