ያኮረፈች ሚስት በራሷ አትመለስም

ልጄ አንማው፣ የሞጣው ጊዮርጊስ ጁባ ላይ ከክፉ ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን፤ ጤፉም አምሮበታል።

ሚስትህ እስከዳር አኩርፋ ቢቸና አባቷ ቤት ብትገባ፣ በስልክ «በእግሯ እንደሄደች በእግሯ ትመለስ» ያልኸኝ አልተዋጠልኝም። በአገራችን ያኮረፈች ሚስት ሽማግሌ ሳይላክላት መቼ ተመልሳ ታውቃለች?

እሑድ መሪጌታ ሲያስተምሩ፣ እግዚአብሔር በነቢዩ በሆሴዕ አድሮ ሕዝቡን ባሏን ትታ በሄደች ሚስት መሰላት አሉ። ታዲያ «ትምጣ» ብሎ አልተቀመጠም፤ ራሱ አባበላት፣ እንደ አዲስ አጫት። ፈጣሪ እንዲህ ካደረገ አንተ ምን ቤት ነህ?

ሽማግሌ ልኬልሃለሁ። አባቷ አያ ባየም «እኔ አልከለክልም፣ ባሏ ራሱ ያናግራት» ብለዋል። በል ዛሬውኑ ደውልላት፤ ማን እንዳጠፋ ግን አታንሳ።

ትዳርህን በልጅ ያጽናልህ። እኔ እንደሆንሁ ለመመለሷ ጠላውን ጠንስሻለሁ።

እናትህ ንግስት