መኪናዋ ቦሎ አገኘች

ጥፋተኛው አንተ ነህ፣ ወንድሜ በእውቀቱ። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት በሰላምታ ተሸፍኖ እንዳይቀር ብዬ ነው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። እንዴት ከርመሃል? የጁባ ሙቀት እንዴት አደረገህ? ያ ወባ ተወህ ወይስ ተመልሶ ያዘህ? ሚስትህ ሣራና ልጆችህ ጤና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ብርድ ሲሆን ጉልበቴ ይይዘኛል እንጂ ሌላው ደህና ነው። ገብሱን ዘንድሮ ውርጭ መታው፤ ለዘር የሚሆን ግን አላጣንም። በስልክ ስነግርህ «እሺ እትዬ፣ ይስተካከላል» ብለህ ትዘጋዋለህ። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ቢሆንም ወረቀት አያቋርጠኝምና በእጄ ጻፍኩልህ።

የመኪናዋን ነገር ልንገርህ። ስትሄድ ሊብሬውንና ቁልፉን ለእኔ፣ መሪውን ለሾፌሩ ለሀቢብ ትተህ ነው። ሚኒባሷ በሽተኛ እንድታመላልስ ብለህ ወንበሯን ነቅለህ፣ ለቃሬዛው መያዣ ወለሏ ላይ ብረት በይደህ፣ የኋላ በሯን ቆርጠህ አስፍተህ፣ ለዳገታችን ደግሞ ከሥሯ የከባድ መኪና ባሌስትራ ደርበህባት ነበር። አገሩ መረቀህ። እኔም መርቄሃለሁ፣ አልክድም። በሽተኛ በተራ የሚሸከሙት የቃሬዛ ማኅበሩ ሰዎች ትከሻችን አረፈ ብለው ተራቸውን ተዉት። ቃሬዛው ወለሏ ላይ እንዲገጥም ረጃጅሞቹን የወይራ መሸከሚያዎች በመጋዝ ስታሳጥር ቄስ ቃለሕይወት «ይህ ይቆይ፣ ለመኪናው ሌላ ይጠረብ» ብለውህ ነበር። አንተ ግን «አባ፣ ከእንግዲህ ሰው በትከሻ የሚሄደው ሲሞት ብቻ ነው» አልካቸው። ሁላችንም ሳቅን።

ቦሎዋ ሲያልቅ ከሀቢብ ጋር ለምርመራ ወረድን። መርማሪው ልጅ እግር ነው። ውስጧን አየና «እማማ፣ ይህ ሚኒባስ ነው ወይስ መኝታ ቤት?» አለኝ። የሀቢብን ምላስ ታውቀዋለህ፤ «የእናንተ በሽተኛ ተቀምጦ ይሄድ ይሆናል፣ የእኛ ተኝቶ ነው የሚሄደው» አለው። ጣላት። ወንበር አስገጥመን ተመለስን። ወንበሩ ከብረቱ በላይ ስለተቀመጠ ይነቃነቃል፣ ባሌስትራውም ከልክ በላይ አንሥቷታል ተባልን። እሱንም ልናስፈታ ጋራዥ አስገባናት።

የጎረቤታችንን የሰውአገኝን ሚስት ሰብሌን ምጥ የያዛት ያን ጊዜ ነው። መኪናዋ ባሌስትራው ወልቆ በድንጋይ ላይ ቆማለች። ስምንት ሰው ይሸከመው የነበረው ቃሬዛ አጥሯልና ከሥሩ አራት ብቻ ያስገባል። አራቱ ሲደክሙ ማን እንደሚቀበላቸው የሚያውቅ የለም፤ ተራው ተረስቷል። እግሯ ከቃሬዛው ወጥቶ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ቁልቁለቱን ሁሉ እሱን ደግፌ ወረድኩ። አስፋልት ደርሰን፣ መኪና ለምነን፣ ላሊበላ ሐኪም ቤት ገባን። ሰብሌ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ሰውአገኝ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶኝ ያልፋል። አላለቀስኩም። ለምን እንዳላለቀስኩም አላውቅም።

ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ ወረድን። አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ነው ያገኘነው። ክፉ ሰው አይደለም። «ሥራው ግሩም ነው፣ ግን ሊብሬው ላይ ሚኒባስ ነው የሚለው፤ ቅርጿ ሳይቀየር በፊት ማስፈቀድና ማስጻፍ ነበረባችሁ» አለኝ። ሊብሬውን ተቀብዬ ራሴ አነበብኩት። ያለው ልክ ነው። በሩን አስመለስኩ፣ ብረቱን አስነቀልኩ፣ ከፋብሪካ እንደወጣች ሆነች። አለፈች። ቦሎውን መስታወቷ ላይ ሲለጥፉ ሀቢብ «እንኳን ደስ ያለዎት እማማ ይማርሽ፣ መኪናዋን ዳሩልዎት» አለኝ። አልሳቅሁም። አሁን የገበያ ሰው ታመላልሳለች። ሕጋዊ ናት። ሰው ተኝቶ አይገባባትም።

መርማሪዎቹን አልረግምም። የወረቀቱን ነገር አንድ ጊዜ ብትጠይቅ ኖሮ ይነግሩህ ነበር። ብረቱ ቢነቀል ብረት ነው። ወይራውን ግን ለምን ቆረጥከው?

ቄስ ቃለሕይወት እግዚአብሔር ይፍታህ ብለውሃል፤ የእንጨቱን ነገር አታንሺበት ብለውኝም ነበር። ልጄ ምሥራቅ ትስምሃለች። ሀቢብ ሰላም ብሎ ጎማ ላክልኝ ይልሃል። ለሣራ ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን በየተራ ሳምልኝ፤ እነሱ ምንም አላጠፉም።

የማኅበሩ ሰዎች አዲስ ወይራ ሊያስጠርቡ ተነጋግረዋል። የመኪናዋን ቁልፍ ለሀቢብ ሰጥቻለሁ። ከእንግዲህ ሰው ታሞ እንደ ቀድሞው ከደጄ ቆመው ስሜን ቢጣሩ አልወጣም።

እኅትህ ይማርሽ
ከፍላቂት በላይ
የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.