አንበጣዋን የነዳሁ ዕለት

ትርንጎዬ፣

ከተለያየን ስምንት ወር አልፏል። ብዙ ጊዜ ልጽፍልሽ ተነሥቼ ትቼዋለሁ፤ ከእሑድ ወዲህ ግን መተው አልቻልሁም። የምነግርሽም የምጠይቅሽም አለኝ፤ ሁለቱ ተደባልቀውብኛል። እንደመጣልኝ ልጻፈው፣ አንቺ አስተካክለሽ አንብቢው።

መጀመሪያ የቤቱን። ልጃችን ሰላም ደብረ ማርቆስ ሥራ ይዛለች። በየቀኑ እየደወለች በልቼ እንደሆነ ትጠይቀኛለች፤ ባልበላም በላሁ እላታለሁ። የበረንዳ ወንበርሽን ወደ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ ባዶውን ማየት አልወደድሁም። ደግሞ፣ አትሳቂብኝ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። አንቺ የአውቶ መካኒክ መምህርት ሆነሽ ሃያ ዓመት ሙሉ "ተማር እንጂ ሙሉቀን" ስትይኝ እንቢ ያልሁት ሰውዬ፣ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ጂኦግራፊ ካስተማርኋቸው ልጆች ጋር ተሰልፌ ተፈተንሁ። ሁለት ጊዜ ወድቄ በሦስተኛው አለፍሁ።

ለዚህ ያበቃችኝ አንበጣዋ ናት። ጎረቤቱ እንዲያ ብሎ የሰየማት መኪናሽ። ከአሮጌ መጽሔት የቀደድሽውን የመኪና ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ፣ ከተጣለ ፊያት ሻንሲና ከተገለበጠ ፒካፕ ሞተር፣ ስድስት ዓመት ግቢያችን ውስጥ በገዛ እጅሽ ሠራሻት። ጣሪያ የላት፣ የሞተር ክዳን የላት፤ ከፊት ዝቅ ከኋላ ከፍ ያለች፣ ሆዷ ተገልጦ የሚታይ ጉድ። ለምን አትሸፍኚውም ስልሽ "ሞተር ምን ነውር አለበትና?" አልሽኝ። ከታመምሽ በኋላ ሥራው ቆመ። በጠየቅሁሽ ቁጥር "ገና ናት፣ አላለቀችም" ትይኝ ነበር። ሳትነጂያት መሄድሽ ከሁሉ በላይ ሲቆጨኝ ከረመ።

እሑድ ጧት ባልደረባሽ አያሌው፣ የብየዳ መምህሩ፣ መጥቶ ባትሪዋን አሰረልኝ። "ሞተር ቆሞ አይበጀውም። እስከ ሐይቁ ደርሰህ ተመለስ" አለኝ። ቁልፉን ሳዞረው ባንዴ ተነሣች። መሬቱ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። የፍሪሲዮኑን ፔዳል ስለቀው እንደ ስሟ ዘለለች፤ አያሌው ወደ አጥሩ ሸሸ።

በሐይቁ ዳር መንገድ ስሄድ ባለባጃጆቹ ጥሩንባ ይነፉልኛል፣ ሰው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሣኛል። እኔ ጥቁር ለብሻለሁ። አፈርሁ። ትንሽ ቆይቶ ግን ጥርሴ ብርድ ሲሰማው ጊዜ ለካ እየሳቅሁ ኖሯል። መቼ እንደጀመርሁ አላውቅም። አንቺ በሞትሽ በስምንት ወርሽ፣ በአደባባይ፣ ብቻዬን! አፌን ገጠምሁት፤ እንደገና ተከፈተ።

አደባባዩ ላይ ስደርስ ዞሬ መመለስ ነበረብኝ። ከኋላዬ ሚኒባስ በጥሩንባ ሲያጣድፈኝ መውጫዬን ሳትሁና የጢስ ዓባይን መንገድ ያዝሁ። እንዳልመለስ የኋላ ማርሹ እንዴት እንደሚገባ ጠፋኝ። ሰፊ ቦታ እስካገኝ ብዬ ዝም ብዬ ነዳሁ።

አንዲት ትልቅ ሾላ ሥር ሸንኮራ የሚሸጡ አሮጊት ገና ከሩቅ ብድግ ብለው እጃቸውን አወዛወዙ። ስቆም ከጎኔ ያለውን ባዶ ወንበር አዩና፣

"መምህርቷስ?" አሉኝ።

"የትኛዋ መምህርት?"

"የዚች መኪና ባለቤት ናታ! ዓርብ ዓርብ ትመጣ የነበረችው። ምነው ጠፋችብን?"

ትርንጎ፣ ምን ልበልሽ። ሞተሩን ማጥፋት እንኳ አልቻልሁም፤ እግሬ ከፔዳሉ ተንሸራቶ ሞተሩ ራሱ ጠፋ። ማረፍሽን ነገርኋቸው። መኪና ገጭቷት እንደሆነ ጠየቁኝ። የለም፣ ሁለት ዓመት ታማ ነው አልኋቸው።

"ታማ? እሷ?" አሉ፣ የዋሸኋቸው ይመስል አፍጥጠው እያዩኝ። "ስትስቅ እኮ እማሳው ማዶ ይሰማል። አንድ ቀን እኔንም አሳፍራ ገበያ አድርሳኛለች። ነጠላዬን ነፋስ ቢወስደው ወርዳ ሮጣ ነው ያመጣችልኝ።"

ሮጣ። እኔ ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት ክንድሽን ይዤ የማደርስሽ ሴት።

ከዚያ ምንሽ እንደሆንሁ ጠየቁኝ። ባሏ ነኝ አልሁ። "ባል አለኝ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኋት" አሉ። ሸንኮራ ቆርጠው ሰጡኝ፤ አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አብረን አለቀስን። ስማቸው እማማ ጥሩዬ ነው፤ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ለምን እነግርሻለሁ።

ሾላው ሥር ባለው ሰፊ ቦታ ዞሬ ስመለስ አያሌው በር ላይ ይጠብቀኛል። "ታውቅ ነበር?" አልሁት። ዓይኑን ሰበረ። "ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለአንተ እንዳንነግር ለምናን ነው" አለኝ። ለምን ስለው "ሙሉቀን፣ እኔም አልገባኝም" አለ። ተቆጣሁት፤ ባትሪውን ያሰረልኝን ሰው ከግቢዬ ውጣ አልሁት። በማግሥቱ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ዓርብ እኔ እስከ ማታ ሳስተምር፣ ተኚ ብዬሽ እሄድ ነበር። ስመለስ ተኝተሽ አገኝሻለሁ፤ አገላብጬ ትኩሳትሽን አያለሁ፣ ኪኒንሽን ዋጥሽ ወይ እላለሁ፣ መስኮቱን እዘጋለሁ። ምናልባት "ዛሬስ እንዴት ነሽ?" የማይልሽ አንድ ሰው ፈልገሽ ይሆናል። ወይ እከለክልሻለሁ ብለሽ ፈርተሽ። ከልክዬሽም ነበር፣ እውነቱን ልናገር። ወይም ምክንያት የለውም፤ ለራስሽ ብቻ የያዝሽው ነገር ነበር። አንዱን እይዝና ሌላው ይመጣብኛል። እዚያ መሳቅሽን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ደስ ብሎኝ ሳያበቃ ደግሞ ተናደድሁ፤ በመጨረሻው ዓመት እቤት ውስጥ ስትስቂ አልሰማሁማ። በሞተች ሚስቱ የተነሣ በአንዲት ሾላ የሚቀና ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ለሰላም ልንገራት ወይስ ልተወው፣ እሱንም አላወቅሁም።

አኩርፌሽ እንደሆነ አታስቢ። ወይ ትንሽ አኩርፌሻለሁ፤ ይወጣልኛል።

የፊታችን ዓርብ ከሰዓት ክፍል የለኝም። አያሌው የኋላ ማርሹን አሳይቶኛል። ወደ እማማ ጥሩዬ እሄዳለሁ። እሳቸው ታመሽ አያውቁሽም፣ እኔ ስትሮጪ አላየሁሽም። እኔ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸውም የሚያውቁትን ይነግሩኛል፤ ተረዳድተን ሙሉዋን አንቺን እናስታውስሻለን።

ባልሽ ሙሉቀን
ባሕር ዳር