ሰይድ የማይሸጠው ዶቅዶቄ

ሰኞ

በሬውን ሸጧል፤ ሞተሩን ግን አልሸጥም ብሏል። ይህን የነገሩኝ ሼህ ይማም ናቸው። ትናንት ልጄን ከድጃን ለሰይድ ሊጠይቁ ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ እሳቸው ስለሆኑ ወሬ ነው ብዬ ላልፈው አልችልም።

እንደ ደንቡ ትናንት መልስ አልሰጠሁም። አስቀመጥኳቸው፣ ዱዓቸውን ተቀበልኩ፣ ለመጪው እሑድ ቀጠርኳቸው። አባቷ ከሞተ ወዲህ የሚድራት አጎቷ ነው፤ እሱ ግን «እናቷ ያለችውን እላለሁ» ብሎ ነገሩን ትከሻዬ ላይ ጥሎታል።

ከድጃ አንድ ጊዜ አግብታ ፈታለች። ያንን ባሏን የቆቦ ሰው ሁሉ አመስግኖልኝ ነበር። ስለዚህ አሁን ምስጋና አልቀበልም። ማስረጃ እፈልጋለሁ።

ስለ ሰይድ የማውቀው፦ ሮቢት ይኖራል። በሽንኩርት እርሻው ሁሉ እየዞረ የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። ሶላት አያሳልፍም። ለቤቱ የጣሪያ ቆርቆሮ ሲያጥረው በሬውን ሸጠ። እዚህ አገር ሰው በሬውን የሚሸጠው ሌላ የሚሸጥ ሲያጣ ነው። እሱ ግን አላጣም። ታዲያ ሞተሩ ላይ ምን አለበት?

ለሼህ ይማምም ይህንኑ አልኳቸው። «ዶቅዶቄውን አይሸጥም ነበር?» ጺማቸውን እያሻሹ ወጡ።

ማክሰኞ

የምጠረጥረው፦ አንደኛ፣ ሌላ ሴት የሰጠችው ይሆናል። ሁለተኛ፣ ወደ አፋር በረሃ የሚያመላልስበት ነገር ይኖራል። ሦስተኛ፣ ቀበጥ ነው። ሦስተኛው ከሁለቱ አይሻልም።

ዛሬ ሞተሩን ከገብሩ መለዋወጫ ሱቅ በር ላይ ቆሞ አየሁት። ሰይድ ውስጥ ነበር፤ እንዳያየኝ በማዶ ቆምኩ። መብራቱ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ክብ ነው። ወንበሩ ረጅምና ዝርግ፣ ቤንዚን የሚይዘው ሆዱ እንደ እንቁላል የሞላ፣ ግራና ቀኙ ላይ ለጉልበት ጥቁር ጎማ የተለጠፈበት። ደሴ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ የወባ መድኃኒት የሚረጩት ሰዎች ቁጭ እንዲህ ያለ ነበራቸው። ያ እስከ ዛሬ ሊኖር አይችልም። ሰይድ ሲሄድ ገብሩን ጠየቅሁት።

«አዲስ ነው እኮ እማማ! ሲሠሩት ነው የድሮ አስመስለው የሠሩት።»

«ለምን?»

«ሰው ስለሚወደው ነዋ።»

ይህ መልስ አይደለም። በፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ባገለገልኩበት ዘመን አዲስ ወረቀት አሮጌ አስመስሎ ያቀረበ ሰው ምን ይባል እንደነበር አውቃለሁ። ደግሞ ከሱቁ ጓሮ ሌላ አየሁ፤ ያው መልክ፣ ቀለሙ ብቻ ቀይ። የገብሩ የራሱ ነው። ምስክሩ ራሱ ተከሳሽ ሆነብኝ።

ረቡዕ

ያልጠበቅሁት ሆነ። ሰይድ ከዙሁር ሶላት በኋላ በሞተሩ መጣ፤ ግቢዬ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር አቆመው፤ ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«ቃልዎ ደርሶኛል» አለ። «ከዋጃ አንድ ገዢ አናግሬያለሁ። እስኪመጣ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ።»

«የምን ቃል?»

«ይሽጥ ያሉትን።»

ሼህ ይማም! የልጅቷ እናት ለሽማግሌ የተናገረችው ማጉረምረም ሆኖ አይቀርም፤ ቅድመ ሁኔታ ይሆናል። ይህን የማያውቅ በራያ የለም። እኔም አውቀዋለሁ። ስንቱን ባለጉዳይ «አስበው ይናገሩ» ያልኩ ሴት፣ በገዛ ቤቴ ሳላስብ ተናገርኩ። ቃሌን ልመልስ ብል እንኳ ለሰይድ መመለስ አይቻለኝም፤ የሄደው በሽማግሌ ነው፣ የሚመለሰውም በሽማግሌ ፊት ነው።

ሲወጣ የሞተሩን ሆድ በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ አደረገው፤ ሰው በሬውን እንደሚያደርገው። ወደ ሮቢት በባጃጅ ሄደ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። አንዲት አሮጊት አንድ ቃል ስለተናገረች የሚወደውን አውጥቶ የሰጠ፣ ልጄንስ በማን ቃል ይመልስልኝ ይሆን? ወይስ ሞተሩን ያመጣው አፍሬ እንድመልስለት ነው? ሁለቱንም ጻፍኳቸው። ከድጃ ማታ ከሥራ ስትመለስ ሞተሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ራት አልበላም አለች።

ሐሙስ

ቤቴ የለቅሶ ቤት መሰለ። ጠዋት ገብሩ መጣ። «እንዴት አደሩ ልበልዎት ብዬ ነው።» ስንት ዓመት ስንተዋወቅ እንዴት አደሩ ለማለት ደጄን ረግጦ አያውቅም። ዓይኑ ቁርቁራው ሥር ነው። ቀጥሎ ከጎብዬ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ፤ ሰላም እንዳለኝ ሳይጠይቀኝ ሞተሩን ገፍቶ ወደ ጥላው አዞረው፤ ወንበሩን ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ነው አለ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ዝምተኛ ጎልማሳ። ሦስቱም እንደዚያ ያለ ሞተር አላቸው፤ ሊሸጥ መሆኑን ሰምተዋል።

ከመጡ አይቀር አልለቃቸውም አልኩ። አንዱ የሌላውን እንዳይሰማ ለየብቻ ጠየቅኋቸው፦ ይህን ብረት ምን አስወደዳችሁ?

ነጋዴው፦ «ሌላው ሲቆም መካኒክ ጥራ ይላል። ይሄ ሲቆም ካንዴላውን ነቅዬ በሽርጤ ጠርጌ እመልሰዋለሁ፤ ይነሳል። ወላሂ፣ የማላውቀው ብሎን የለውም።»

ገብሩ፦ «እማማ፣ በዚያ በፈጣኑ ሞተር ሰው ተደፍቶ ነው የሚሄደው። ደረቱ ከመሪው ላይ፣ ዓይኑ ከመሬት። ታዲያ በመንገዱ ዳር የተቀመጠውን ሁሉ ዘግቶ ያልፋል። ማታ ደግሞ 'የእነ እገሌ ልጅ ኮራብን' ይባላል። በዚህኛው ላይ እንደ በቅሎ ቀና ብዬ ነው የምቀመጠው። ሰላም እላለሁ፣ 'ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ከብቱ እንዴት ነው' ሳይቀር አደርሳለሁ፤ ሞተሩም አይቸኩልብኝም።»

ዝምተኛው፦ «እኔ እንጃ። አባቴ በቅሎውን ለምን እንደሚወዳት ጠይቄው አላውቅም።»

ሦስቱም ጥቅም ያላቸው ምስክሮች ናቸው። የገብሩን ግን ልሰብረው አልቻልኩም። ሰላም ሳይሉኝ ያለፉ ሰዎች ስም እስከ አባታቸው ትዝ ይለኛል።

ከድጃ አሁንም አታናግረኝም። ለአንድ ሞተር ብላ? እዚህ ውስጥ ያልተነገረኝ ነገር አለ።

ዓርብ

ወንዶቹ ጁምዓ ላይ ሳሉ ከሶላቴ ተነስቼ ብወጣ ቁርቁራው ሥር ባዶ ነው። ከመደርደሪያው ቁልፉ የለም። «ይኸው!» አልኩ። «የሰጠውን በጓሮ ወሰደ።» ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ ብል አልዋሽም፤ ጥርጣሬዬ ልክ ሆነ።

የጎማውን ዱካ ተከትዬ ማሽላው ከታጨደበት ሜዳ ደረስኩ። አንድ ሰው ሞተሩን እየነዳ ወደ እኔ መጣ። ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ሻርፑን አገጩ ሥር አስሯል። ፊቴ ሲደርስ ሁለት እግሩን መሬት አስረግጦ ቆመ።

ከድጃ ናት።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኩ።

«ከሐምሌ።»

ከኋላዋ የክትባቱ የበረዶ ሳጥን በገመድ ታስሯል። የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ከሮቢት በታች እስከ በረሃው አፋፍ ያሉትን ፍየሎች የምትከትበው እሷ ናት። የመሥሪያ ቤቷ ሞተር ረጅም ነው፤ እግሯ መሬት አይደርስም፤ አሸዋ ላይ ሁለት ጊዜ ጥሏታል። ከዚያ በኋላ በእግሯ ሄደች፤ ስትደርስ በረዶው ውሃ ሆኖ፣ ክትባቱ ተበላሽቶ። ወድቃም፣ በእግሯ ሄዳም፣ ለእኔ አልነገረችኝም። ባጃጅ ይወስዳታል እያልኩ እኖር ነበር።

«አትሽጥ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «በሬውን ሽጥ ያልኩትም እኔ ነኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እማ፣ አንቺ ትጠይቂያለሽ እንጂ መቼ ትሰሚያለሽ?»

ይህን እንዳለ ጽፌዋለሁ።

«እሱስ በምን ይሄዳል?»

«ከኋላዬ። ፓምፑ ያለበት አወርደዋለሁ፤ ስመለስ አነሳዋለሁ።»

«ሳትጋቡ?!»

«በቀን፣ በአደባባይ፣ የክትባቱ ሳጥን መሃላችን ተቀምጦ።»

«ሰው አይስቅበትም?»

«ይስቃል እንጂ። 'ሰይድ፣ ማን አገባህ?' ይሉታል። 'ገና ነው፣ ሽማግሌ ልኬያለሁ፣ ዱዓ አድርጉልኝ' ይላቸዋል።»

እንዳልስቅ ወደ ማሽላው አገዳ ዞርኩ። ያየችኝ ይመስለኛል።

ቅዳሜ

ከዋጃ ገዢው መጣ። ሞተሩን ዞረው፣ ጎማውን በእግሩ መታው፣ ጥርሱን ፋቀ።

«አይሸጥም» አልኩት።

«ባለቤቱ ቃል ሰጥቶኛል።»

«ባለቤቱ ቁልፉን ለእኔ ሰጥቶኛል። ሰኞ ተመለስ።»

«ሰኞ ይሸጣል?»

«ሰኞ አይሸጥም ልልህ ነው።» እያጉረመረመ ሄደ። ከንቱ መመላለስ ነበር፤ እንዲህ ማለት አልነበረብኝም። ግን ደስ አለኝ።

ማንም ሳይኖር ግቢውን ዘግቼ ሞተሩ ላይ ተቀመጥኩ። ለምርመራ ነው። ወንበሩ ይመቻል። እግሬ መሬት ይደርሳል። የሚያስነሳውን አልነካሁም።

አሁንም የማላውቀው፦ ሰይድ ሞተሩን ያዋሳት ለፍየሎቹ አዝኖ ነው ወይስ እሷን ለማግኘት? ለሁለቱም ከሆነ የትኛው ይበዛል? ከድጃን ብጠይቃት መልሷን አውቀዋለሁ። አልጠየቅሁም።

እሑድ

ሽማግሌዎቹ መጡ፤ አጎቷም አለ። ሰይድ ከውጭ ቁርቁራው ሥር ቆሟል፤ ሞተሩን ሲያይ እንዳላይ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሯል።

«ያሉትን ፈጽሟል» አሉ ሼህ ይማም። «ገዢ ቀርቧል።»

ቆምኩ። «ይሸጥ ብዬ ከሆነ ቃሌን በፊታችሁ አንስቻለሁ። በፈንታው ሌላ አለኝ። ለከድጃ የሚሰጣት መህር ሞተሩ ይሁን።»

አጎቷ ሳለ። አንደኛው ሽማግሌ «በሬ ሰምተናል፣ ወርቅ ሰምተናል...» ብሎ ጀመረና ተወው።

ሼህ ይማም ግን ሳቁ። «ንብረት ነው፣ ሐላል ነው፤ ምን ይከለክለዋል? ግን እመት፣ ላድርሰው ወይስ እስክወጣ ሦስተኛ ቃል ይመጣል?»

«ያድርሱት።»

ወጡ። በመስኮት አየሁ። ሰይድ ሰምቶ ወዲያው አልመለሰም፤ ቆየ። መቆየቱ አስጨነቀኝ። ሞተሩ በሷ ስም ሊሆን ነው፤ በሬ የለውም፤ ከዛሬ በኋላ የራሱ የሚለው የሥራ ዕቃውና ገና ተከድኖ ያላለቀ ቤቱ ብቻ ነው። እምቢ ቢል እፈርድበት ነበር? አላውቅም።

ሼህ ይማም መልሱን ይዘው ተመለሱ። «እሺ ብሏል። እሱም አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ከኋላ መቀመጡ አይቅርብኝ ይላል።»

«በሳጥኑ ፈንታ ጋቢ አንጥፉለት» አልኩ። ፋቲሓ ተቀርቶ እሺታው ጸደቀ።

ሰኞ

ከድጃ ከሮቢት በታች ለክትባት ወረደች። የአስር ሶላት ከተሰገደ ቆይቷል፤ አልመጣችም። ሰይድ ዛሬ ፓምፕ ያለው ጎብዬ ነው፤ ስለዚህ ብቻዋን ናት። ከአሸዋው ወንዝ ማዶ ሆና ጎማ ፈንድቶባት ይሆናል። ወይም ፍየሎቹ በዝተው ይሆናል። ወይም ቀና ብላ ተቀምጣ የመንደሩን ሁሉ ሰላምታ እያደረሰች ይሆናል፤ ይህንን መረጥኩ።

በአስፋልቱ አንድ ሞተር አለፈ። የሷ አይደለም። ሌላ አለፈ፤ እሱም አይደለም። እስክሪብቶዬን ያዝ አድርጌ ቆምኩ፤ አላየሁም፣ አጥሩ ይከልለኛል። ታዲያ አለመሆኑን በምን አወቅሁ?

አሁን ደግሞ ከታች በኩል አንድ እየመጣ ነው። ቀስ ያለ፣ ወፍራም ድምፅ። በሩን ልክፈት።