በጥቁር ጥፍር የተላጠ ብርቱካን

ሰኞ

ደሙ ውስጥ እርሳስ ተገኘ። የባሌ፣ የሱራፌል። ዕድሜውን ሙሉ ቂርቆስ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ባትሪ እየፈታ ሲያድስ ኖሮ፣ ታዲያ ምን ሊገኝበት ነበር? ማር? ሆድ ቁርጠቱም ድካሙም ከዚሁ ሊሆን ይችላል አለች ሐኪሟ። አንድ ወር ተጠንቅቆ እንደገና ይመርመር፣ ካልቀነሰ ግን ሥራውን ይተዋል። ሱራፌል ዞሮ አየኝ። ከባትሪ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ፈራሁ።

ልንወጣ ስንል "ምን ላብላው?" አልኳት። ቫይታሚን ሲ እና ኢ እርሳሱ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ ሊያግዙ ይችላሉ አለች። ቀጥላ ስለ እጅ መታጠብ ብዙ አወራች፤ የእኔ ሐሳብ ግን አትክልት ቤት ደርሶ ነበር።

ማክሰኞ

ካዛንቺስ ከቢሮ ስወጣ ገዛሁ፦ ብርቱካን፣ ዘይቱን፣ ቃሪያ፣ ጎመን፣ ሱፍ። የታክሲው ረዳት "እናት፣ ጉሊት ልትከፍቺ ነው እንዴ?" አለኝ።

እራት ላይ ሎሚ ያልነካው ነገር አልነበረም። ሱራፌል ፊቱን አጨማዶ "በቃ፣ እኔንም ሰላጣ ልታደርጊኝ ነው" አለ።

ሐሙስ

አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዞ ወጣ፣ ባዶውን ይዞ ተመለሰ። ድል! ቢሮ ውስጥ ስለ ቫይታሚን ያልሰበክሁት ሰው የለም።

ዓርብ

ድሌ አልዘለቀም። በምሳ ሰዓት ሳልነግረው ጋራዡ ሄድሁ። ጋሽ ከማል፣ የጋራዡ ባለቤት፣ የእኔን ብርቱካን ይልጣሉ። ከባትሪው እንደተነሱ፣ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረግ አድርገው። ጥፍራቸው ጥቁር። "በሞቴ!" አሉ። ባሌ ጎረሰ። እሱም በተራው ልጦ አጎረሳቸው። "አንዴ ብቻ! አፈር ስሆን!" እርሳሱ በእኔው ቫይታሚን ተጠቅልሎ ይገባል።

ጮህሁ መሰለኝ። ጋሽ ከማል ደነገጡ። "ምነው ልጄ? ዓርብ ስለሆነ ነው? ብርቱካንም ይጾማል እንዴ?"

እያለቀስሁ አስረዳኋቸው። ጥፍራቸውን አዩ። "ጉርሻ እንዴት እምቢ ይባላል?" አሉ።

"እምቢ አይበል፣ ጋሼ። ታጥበው ያጉርሱት።"

ሐኪሟ ስለ እጅ ያን ሁሉ ስታወራ እኔ የት ነበርሁ?

ቅዳሜ

ቧንቧ ያለው ጄሪካንና ሳሙና ይዤ ሄድሁ። ጋሽ ከማል እስከ ክርናቸው ታጠቡ። "ለሶላት እንዲህ ታጥቤ፣ ለብርቱካን ሱሪዬ ላይ እጠርጋለሁ!" ብለው ራሳቸው ሳቁ። እርሳቸውም ሊመረመሩ ቃል ገቡ።

ከወር በኋላ፣ ማክሰኞ

ቀንሷል! አልጠፋም፣ ግን ቀንሷል። ሥራውን መተዉ ለጊዜው ቀረ፤ ክትትሉ ይቀጥላል። ጋሽ ከማልም እርሳስ ተገኝቶባቸው መድኃኒት ጀምረዋል።

"ብርቱካኑ ነው አይደል?" አልኳት ሐኪሟን። "ሊያግዝ ይችላል" አለች፣ "እኔ የማምነው ግን ሳሙናውን ነው።" ትንሽ ከፋኝ። ስንት ፌስታል ተሸክሜ!

ማታ ሱራፌል የሥራ ልብሱን እዚያው ጋራዡ ትቶ፣ ታጥቦ ገባ። ብርቱካን ልጦ "በሞቴ" አለኝ። እጁን ያዝሁና ጥፍሩን አንድ በአንድ አየሁ።

"ለመሆኑ፣ ሚስት ነሽ ወይስ ኬላ ጠባቂ?"

ንጹሕ ነው። አፌን ከፈትሁ።