«የሙሽራው እናት» ተብሎ ሲጠራ

እማዬ፣ የኔ ዓለም፣

ከተለየሽን ይኸው አራተኛው ክረምት ገባ። መቃብርሽ ጋ በመጣሁ ቁጥር ሻማ አብርቼ ዝም ብዬ እመለስ ነበር። አሁን ግን ውስጤ የሚብላላ ነገር አለ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በዐይኑ አይቶታል፤ ደፍሮ የሚያነሳብኝ ግን የለም። ስለዚህ ላንቺ እጽፈዋለሁ፤ ሌላ ሰው ቢያነበውም አላፍርበትም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ታመሽ የተኛሽበት ክፍል ግድግዳው ፈርሶ ከሳሎኑ ጋር ተቀላቅሏል። ጌሾሽ ካጥሩ በላይ ወጥቷል። አባባ ዐይናቸው ደከም አለ እንጂ ጤነኛ ናቸው። ሙት ዓመትሽ ካለፈ በኋላ አገቡ። ሴትዮዋን ታውቂያቸዋለሽ፤ ገበያ ላይ በርበሬ የሚሸጡት እትዬ ስመኝ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ሲመጡም አልከፋኝም፤ አባባ ብቻቸውን ራት ሲበሉ ማየት ከብዶኝ ነበር።

ትልቁ ወሬ ግን የደሳለኝ ማግባት ነው። ያ የመጨረሻ ልጅሽ፣ ያ ካንቺ ቀሚስ የማይላቀቀው ወንድሜ፣ አምና ጥር ላይ አገባ። ሚስቱ ትዕግሥት የሞጣ ልጅ ናት፤ አባቷ እዚያው ሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሙሽራዋን ከሞጣ አምጥተን ድግሱ እኛ ግቢ፣ ቢቸና ሆነ።

ሽማግሌ እንደተላከ ደሳለኝ ቤቴ ድረስ መጣ። «እታለም፣ የምግቡንና የጭፈራውን ነገር አንቺ ያዢልኝ። መቼ ይበላ፣ መቼ ይዘፈን፣ ሁሉንም አንቺ ወስኚ። እማዬ ብትኖር እሷ ነበረች የምታደርገው» አለኝ። እውነቱን ነበር። በሰፈሩ ዳስ በተጣለ ቁጥር የምትጠሪው አንቺ ነበርሽ። የአጎቴ ልጅ ስታገባ ትዝ ይልሻል? ቄሱ ማዕዱን ሳይባርኩ ጎረምሶቹ ከበሮ መምታት ሲጀምሩ፣ ሄደሽ ከበሮው ላይ ቁጭ አልሽበት። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ቄሱም እየሳቁ ባረኩ፣ አንቺም ሰዉ በልቶ እስኪጨርስ ከዚያ አልተነሳሽም።

እኔም ያንቺኑ መንገድ ያዝኩ። ከሞጣ ከሚመጡት እንግዶች ብዙዎቹ የትዕግሥት አባት የገበያ ጎረቤቶች፣ ሙስሊሞች ናቸው። ለነሱ የራሳቸው ሰው የሚያርድበት፣ የራሳቸው ሴቶች ወጡን የሚሠሩበት ዳስ ጎረቤት ግቢ አስጣልኩ። ብርዙም ለስላሳውም እዚያው ገባ። ጭንቀቴ ሁለቱ ዳሶች እኩል እንዲበሉ ነበር፤ አንዱ ሲጎርስ ሌላው ቁጭ ብሎ እንዳይጠብቅ። መጀመሪያ ካህናቱና ሽማግሎቹ፣ ቀጥሎ የሞጣ እንግዶች በሁለቱም ዳስ በአንድ ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ የኛ ሰፈር ሰው። ሁሉም በልቶ ሲያበቃ ሙሽሮቹ ይነሳሉ፣ ጭፈራው ይከፈታል። ከዚያ የወላጆች ተራ ይሆናል።

«በዚያ ሰዓት ከአባባ ጋር እማዬን ተክተሽ አንቺ ትወጫለሽ» ያለኝ ደሳለኝ ራሱ ነው። ሲናገር ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እማዬ፣ ያን ቀን በሩን ዘግቼ እስክስታ ተለማመድኩ። ልጆቼ በበሩ ቀዳዳ እያዩ ሲስቁብኝ ሰማኋቸው። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

የሠርጉ ዕለት መጀመሪያው አማረ። ካህናቱ በልተው ተነሱ። የሞጣዎቹ በሁለቱም ዳስ ቀርቦላቸው እየበሉ ነው። የኛ ሰዎች እጃቸውን ታጥበው ተራቸውን ይጠብቃሉ። በዚህ መሐል ደሳለኝ ከሙሽራው ወንበር ላይ ሆኖ በእጁ ጠራኝና ጆሮዬ ሥር፣ «እታለም፣ ጎረቤት ግቢ ዳስ ውስጥ ወጥ አልቋል እየተባለ ነው፤ በእናትሽ ቶሎ ድረሺልኝ» አለኝ። በእናትሽ ብሎ ነው የላከኝ።

ቀሚሴን ሰብስቤ ሮጥኩ። ስደርስ ድስቱ ሙሉ ነው። ትዕግሥትን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጓት የወላጆቿ ጎረቤት እማማ ዘይነባ በር ላይ ተቀበሉኝ። «ምነው ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው የምትሮጪው?» አሉኝ። ወጥ አልቋል ተብዬ ነው ስላቸው፣ «ኧረ አላህ ይስጥልን፣ ጠግበናል! ማነው እንዲህ ያለሽ?» አሉ። ገና መልስ ሳልሰጣቸው ከኛ ግቢ በድምፅ ማጉያው ተሰማ።

«የሙሽራው እናትና አባት! የሙሽራው እናትና አባት ወደ መሐል ይምጡልን!»

እማዬ፣ ለአፍታ አንቺን የጠሩሽ መሰለኝ። መጣሽ ብዬ ዞሬ አየሁ። እልልታው ሲቀልጥ ነው ወደ ልቤ የተመለስኩት።

ዳሱ በር ላይ ስደርስ አባባ ነጭ በነጭ ለብሰው ትከሻቸውን ይሰብቃሉ፤ ከፊታቸው እትዬ ስመኝ ናቸው። ቪዲዮ የሚያነሳው ዙሪያቸውን ይዞራል። ደሳለኝ አየኝ። ባየኝ ጊዜ በምልክት እንኳ ቢጠራኝ፣ ስህተት ነው እል ነበር። እሱ ግን ዐይኑን መሬት ላይ ጣለ። ያኔ ሆን ብሎ እንዳራቀኝ አወቅሁ። የኛ ሰፈር ሰዎች አሁንም አልበሉም። አንቺን ሲያስታምሙ የከረሙት፣ ማኅበር አብረውሽ የጠጡት ሴቶች፣ የታጠበ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጭፈራውን ያያሉ። አንዳንዶቹ እኔን አይተው ፊታቸውን አዞሩ።

አላለቀስኩም። አሳላፊዎቹ ጋ ሄጄ «ምግቡን አስገቡ» አልኳቸው። «አሁን? ጭፈራው መሐል?» አሉኝ። «አሁን!» አልኩ። እንጀራውና ወጡ በጨፋሪው መሐል እያለፈ ገባ። ሰዉ እየተላቀቀ ወደ ማዕዱ ዞረ፣ ክቡ ሳሳ፣ ኦርጋን ተጫዋቹም ግራ ገብቶት አቆመ። አባባና እትዬ ስመኝ መሐል ላይ ብቻቸውን ቆመው ቀሩ። አሳዘኑኝ፤ ግን ምግቡን አላስመለስኩም። ለጓደኞችሽ ወጡን በራሴ እጅ አወጣሁላቸው።

በማግሥቱ ደሳለኝ መጣ። «ሠርጌን አበላሸሽብኝ» ነው ያለኝ። ለምን በውሸት እንደላከኝ ጠየቅሁት። «የሞጣ ዘመዶች ፊት ታለቅሺያለሽ ብዬ ፈራሁ። ቪዲዮው ላይ እንባ እንዳይገባ ብዬ ነው። ደሞም አባት ከነሚስቱ ሲወጣ ነው የሚያምረው» አለ። አባባንም «እርስዎ ያውቁ ነበር ወይ?» ብዬ ስጠይቃቸው ከዘራቸውን እያዩ፣ «ቀኑ በሰላም እንዲያልፍ ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። በሰላም!

የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው እማዬ። ቢጠይቁኝ እምቢ የምል ነበርኩ? የእትዬ ስመኝን መቀነት እኔው አስሬ አስነሳቸው ነበር። አስቀድሞ ያንቺ ስም ይነሳ ብቻ ነበር የምለው። ሁለቱም፣ አንቺ ጡት ያጠባሽውና አንቺ ዕድሜሽን የሰጠሻቸው፣ እንደማላፍር እንደማላሳፍር አላመኑኝም። ሥራዬን ፈለጉት፤ እኔን አልፈለጉኝም።

እትዬ ስመኝ ብቻቸውን ቤቴ መጡ። «ደክሞኛል፣ እርስዎ ይውጡልኝ ብላለች አሉኝ። ባውቅ እግሬን አላነሳም ነበር» ብለው ተንሰቅስቀው አለቀሱ። እሳቸውንም ዋሽተዋቸዋል። እኔ ነበርኩ የማባብላቸው። ከዚያ ወዲህ ከቤቱ ሰው ሁሉ ልቤ የሚቀርበው ለሳቸው ነው ብልሽ ታምኚኛለሽ?

አሁን ትዕግሥት ሞጣ ወላጆቿ ቤት ሄዳ ሴት ልጅ ወልዳለች። ሰሞኑን ደሳለኝ ከሞጣ ደወለ። ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «እታለም፣ ክርስትናውን አንቺ ያዢልኝ፤ ያላንቺ ማን ያውቅበታል?» አለኝ።

«እመጣለሁ» አልኩት። «ግን እንግዳ ሆኜ ነው የምመጣ። ብዪ ስባል እበላለሁ፣ ተነሺ ስባል እጨፍራለሁ። ማን ቀድሞ ይብላ የሚለውን አንተ አስብበት።»

«እስካሁን አልረሳሽውም?» አለኝ።

«አልረሳሁትም» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

አንቺንም አልረሳሽም፤ አፌ እስካለ ድረስ። ሞጣ ስደርስ ሕፃኗን ታቅፌ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ያባትሽ እናት ዘርፌ ትባላለች እላታለሁ። አድጋ ለምን ስሟን ካክስቴ ብቻ ሰማሁ ብላ ስትጠይቅ፣ አባቷ ይመልስላት።

ልጅሽ ዓለምነሽ፣ ከቢቸና