በቁማቸው ከሙታን ጋር የተጠሩት የወይዘሮ ዓለምብርሃን ምንዋጋው የሕይወት ታሪክ

እህቴ ወይዘሮ ዓለምብርሃን ምንዋጋው ያረፉት ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አልሞቱም። ይህን ከልደታቸው አስቀድሜ የማስቀምጠው፣ በሰቆጣ የዘፈን በዓል ላይ በቁማቸው ከሙታን ጋር መጠራታቸው እስከ ዛሬ ከልቤ ስላልወጣ ነው። የሕይወት ታሪክ ላይ ቅሬታ አይጻፍም ብላችሁኛል። እኔ ደግሞ ሳልጽፈው አልቀብራቸውም ብያለሁ።

ወይዘሮ ዓለምብርሃን ከአባታችን ከአቶ ምንዋጋው ምሳው እና ከእናታችን ከወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ደሴ በ1957 ዓ.ም. በሰቆጣ ዙሪያ ተወለዱ። እናታችን አማርኛ እምብዛም ስለማያውቁ ልጅነታችን በኽምጣኛ አለፈ። እህቴ ሰቆጣ አክስታችን ቤት ተቀምጠው እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል፤ ችግር ሲመጣ ትምህርቱ ቀረ። በ1975 ዓ.ም. ከአቶ ይስማው ገብረ አምላክ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሰላማዊትንና መንግሥቴን ወለዱ። አቶ ይስማው ከበሮ ሠሪ ነበሩና ቆዳ መወጠርን ከእሳቸው ተማሩ። ባላቸው ሲያርፉ የአበርገሌ ማር ገበያ እየሸጡ ልጆቹን አሳደጉ።

በጥር 1987 ዓ.ም.፣ በአስተርእዮ ማርያም ማግስት፣ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስበው ከገበያው በላይ ባለው ሜዳ አዘፈኑ። በዓሉ የተጀመረው እንዲህ ነው፤ ሌላ የጀመረው ሰው የለም። ውሎ አድሮ ከሰሃላም ከኒሯቅም ዘፋኝ እየመጣ፣ ድንኳንና ድምፅ ማጉያ ተጨምሮበት የከተማው በዓል ሆነ። የመክፈቻው ከበሮ ግን ከእሳቸው እጅ አልወጣም።

በሦስተኛው ዓመት ጓደኛቸው ጥሩሐረግ በወሊድ ሞተች። እህቴ በዘፋኞቹ ሰልፍ ውስጥ የእሷን ቦታ ክፍት አስቀርተው መጀመሪያ ስሟን ጠሩ፤ ተቀባዮቹ የሚመልሱበትን ያህል ጊዜ ሁሉም ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ከሰልፉ የሞተች ሁሉ ለሰባት ዓመት ትጠራለች፣ ቦታዋም ክፍት ይቆያል። አንድ ዓመት የአንዲት ሟች እናት፣ «ስሟን በሰማሁ ቁጥር ሐዘኔ ይታደሳል፣ ተዉልኝ» ብለው ለመኑ፤ ተተወላቸው። ዓመቱ ሳይዞር፣ ከዚያ ቦታ አጠገብ የምትቆመው ልጅ በደኅና ውላ፣ በደኅና ተኝታ፣ ሳትነሣ ቀረች። ያን ጊዜ እህቴ፣ «የተጠራ ስም ከወጣ ቦታው ሰው ይፈልጋል» አሉ። ቃሉ የእሳቸው ነው። የታሰሩትም በገዛ ቃላቸው ነው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማር ሊገዙ ኒሯቅ እንደወረዱ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው። ከዚያ የመጣ ሰው ተከዜ ዳር ሞተው አየኋቸው አለ። ጎረቤት ለቅሶ ሊደርስ መጣ። እኔ አስከሬን ሳላይ አላለቅስም ብዬ ድንኳን ሳላስተክል ቀረሁ። «እታገኝ ድንጋይ ናት» ተባልሁ። በጥር 2015 ዓ.ም. በዓሉ ዳግም ሲከበር፣ ስም ጠሪው አቶ ገብረ ሊባኖስ እኔን ሳይጠይቁ የእህቴን ስም ከሙታን ጋር ጠሩ።

በሚያዝያ እህቴ በእግራቸው መጡ። ሰሃላ አንድ ገበሬ ቤት ታመው ከርመው ኖሯል። በሩ ላይ ቆመው፣ «ምነው፣ እናንተ ቤት ለመንገደኛ ውሃ አይሰጥም?» አሉኝ።

ደስታችን አልዘለቀም። ሴቶቹ እህቴን ይስሟቸውና ከንፈራቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። ሰልፉ ውስጥ አጠገባቸው የሚቆም ጠፋ። አቶ ገብረ ሊባኖስን የእህቴን ስም ያውጡ ብላቸው፣ «ወይዘሮ እታገኝ፣ እሺ ላውጣው። ከዚያ የማን ልጅ ትግባበት?» አሉኝ። እህቴም፣ «ተያቸው፣ እውነታቸውን ነው» አሉ። እኔ አልተውሁም።

በጥር 2016 ዓ.ም. ከሜዳው አጥር ውጭ ቆመን አየን። ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ናት። ስማቸው ተጠራ፣ ሕዝቡ ዝም አለ። ያኔ ከክፍቱ ቦታ «አለሁ» የሚል ድምፅ መጣ፤ በኽምጣኛ፣ እናታችን ሲጣሩ እንመልስ በነበረው አመላለስ። የእህቴ እጅ እጄ ውስጥ ነበር፣ አፋቸውም ተዘግቶ ነበር። ድምፁ ግን የእሳቸው ነው፣ የልጅነታቸው። ሰላማዊትም ሰምታለች፤ እዚህ ቆማለች፣ ጠይቋት። እህቴ ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ከእኔ ቀድማ ቦታዬ ገብታለች» ብቻ አሉ።

ከዚያን ቀን ወዲህ እየደከሙ ሄዱ። ሐኪም የልብ ድካም ነው አለ፤ መድኃኒታቸውንም ሳያጓድሉ ወሰዱ። የቤቱን ከበሮ ይዳስሱታል እንጂ አይመቱትም ነበር። «ሰልፉ መካከል ዳግም አንዴ እንኳ ሳልመታ መሞቴ ነው የሚቆጨኝ» ይሉ ነበር። በሕመም ቆይተው በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን እህታቸውን ትተዋል።

ዳሩ ግን የቆጫቸውን ይዘው አልሄዱም። ባለፈው ጥር፣ በበዓሉ ጠዋት፣ አቶ ገብረ ሊባኖስ ቤት ሄድሁ። ቦታው ሰው ከፈለገ ሰው አለ፤ የእህቴን ይተዉና የእኔን ስም ይጥሩ አልኋቸው። አማተቡ።

«በሕይወት ያለ ሰው እንዴት አድርጌ እጠራለሁ?»

«አንዴ ጠርተዋልኮ። ይችሉበታል።»

እህቴን ነጭ አልብሰን፣ ከሰላማዊት ጋር ደግፈን ሜዳው መካከል አቆምናቸው። የሟቾቹ ስም ተጠራ። በእሳቸው ስም ፈንታ «እታገኝ ምንዋጋው» ሲባል ዘወር ብለው አዩኝ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ከበሮውን ግን ተቀበሉ። ሕዝቡ ዝም አለ። እኔ አፌን በነጠላዬ ይዤ ነበር። ከክፍቱ ቦታ «አለሁ» ተባለ። ድምፁ የእኔ ነበር። እህቴ እጃቸውን አንሥተው ከበሮውን መቱ፤ እንደ ድሮው፣ ሜዳው እስኪንቀጠቀጥ።

አቶ ገብረ ሊባኖስ፣ በመጪው ጥር የእህቴን ስም ይጥሩ፤ አሁን እውነት ነው። የእኔንም አያውጡ። ቦታው ባዶ መስሏችሁ ልጆቻችሁን እንዳታቆሙበት፤ ተይዟል።

እግዚአብሔር በመጨረሻው ቀን በስማቸው ሲጠራቸው፣ እህቴን በገዛ ድምፃቸው «አለሁ» ብለው የሚመልሱ ያድርጋቸው። አሜን።